የአንሶላ ክፍሉ ምስማሮች

በነርሶቹ አለቃ በሜትሮኗ መሸኛ ቀን ወንበሩን የደረደሩት እማማ ናቸው። ያነሱትም እማማ ናቸው። በመካከሉ ዳይሬክተሩ ቆሞ፣ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ «አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ያልተዛነፈ የፈረቃ ፕሮግራም ያወጣች ሴት» እያለ ሲያሞግሳት፣ እማማ የታጠፈ አንሶላ እንደታቀፉ በሩ ሥር ቆመው ነበር። ሜትሮኗ አንገቷን ሰበር አድርጋ ዓይኗን መሬት ላይ ጣለች። ትሑት መስላቸው ነርሶቹ አጨበጨቡ። እማማ ግን ያችን አንገት ያውቋታል። ቀና ብትል በሩ ሥር ካለችው አሮጊት ጋር ዓይን ለዓይን ትገጥማለቻ! ለዚህ ነው ቀና ያላለችው።

ሰዓት ተሸለመች፤ የግድግዳ ሰዓት። እማማ ደግሞ ወንበር ተሸለሙ፤ ሃምሳ ሁለት ወንበር፣ ሁለት ፎቅ አውርደው የሚመልሱት።

እማማ የቀዶ ሕክምና ክፍሉ የልብስ ሠራተኛ ናቸው፤ የጡረታ ዕድሜያቸው ቢያልፍም በኮንትራት ቀርተዋል። አንሶላው፣ የትራስ ልብሱ፣ ብርድ ልብሱ፣ የነርሶቹ ጋዋን ሁሉ በእሳቸው እጅ ገብቶ በእሳቸው እጅ ይወጣል። ፊደል አልቆጠሩም፤ አለመቁጠራቸውንም አይደብቁም። «የቆጠራችሁት እናንተ፣ አንሶላ ሲጎድል የት እንደገባ እኔን ነው የምትጠይቁት» ይላሉ።

በአንሶላ ክፍሉ የኋላ ግድግዳ ላይ በሦስት ረድፍ የተመታ ምስማር ነበር። በየረድፉ አሥራ አራት ምስማር፣ አሥራ አራቱ የሁለት ሳምንት ቀኖች። የላይኛው ረድፍ ጠዋት ነው፣ መካከለኛው ከሰዓት፣ የታችኛው አዳር። በየምስማሩ ላይ ካረጀ ጋዋን የተቀደደ ቁራጭ ጨርቅ ይንጠለጠላል። ለአሥራ ሰባቱ ነርሶች አሥር አሥር ጨርቅ፤ በጨርቁ ላይ እማማ በመርፌ የጠለፉት ምልክት። ለረጅሟ ነርስ መሰላል። ለሳቂታዋ ወፍ። ክረምት ከበጋ ፀሐይ ለምትፈራዋ ጃንጥላ። በርክክብ ሰዓት ቆማ ለምታንቀላፋዋ ትራስ። ባለትራሷ ምልክቷን ስታይ ተቀይማ አንድ ሳምንት አኮረፈች፤ በሁለተኛው ሳምንት እዚያው አንሶላ ክፍል ውስጥ ተኝታ ተገኘች፤ ኩርፊያውም እዚያው ላይ አበቃ።

ከአሥራ ሰባቱ የአምስቱ ጨርቅ ዙሪያውን በቀይ ክር ተዘምዝሟል። ቀይ ክር ማለት ቁልፍ ያዥ ነው። ብርቱ ሕመም የሚያስታግሱት መድኃኒቶች የሚቀመጡበት የብረት ሣጥን አለ፤ ቁልፉን ከአምስቱ ሌላ ማንም አይዝም። ወጪዋ ለገቢዋ በእጇ ትሰጣለች፤ ሁለቱም ሣጥኑን ከፍተው፣ ብልቃጡን ጮክ ብለው ቆጥረው ይፈርማሉ። ስለዚህ በግድግዳው ላይ ቀይ ክር የሌለበት ምስማር ኖሮ አያውቅም። የምታጠባዋ ጨርቅ ጫፉ ላይ ነጭ ቋጠሮ አለው፤ ታችኛው ረድፍ ላይ አይውልም። ቤታቸው ከመጨረሻው አውቶቡስ ማዶ የሆነ ሁለት ነርሶች ሰማያዊ ቋጠሮ አላቸው፤ ማታ የሚያልቀው መካከለኛው ረድፍ ላይ አይውሉም። መሰላልና ወፍ ደግሞ፣ ሁለቱም ባለቀይ ክር ቢሆኑም፣ ተከታትለው አይሰቀሉም። ለምን ቢባል፣ ረጅሟ ያገባችው የሳቂታዋን እጮኛ ነው። ይሄ በየትኛውም መዝገብ ላይ አልተጻፈም። የት ይጻፋል?

በየሁለት ሳምንቱ ዓርብ ሜትሮኗ ወደ አንሶላ ክፍል ትገባና በሩን ትቆልፋለች። የተደፋ ቅርጫት ላይ ተቀምጣ፣ ወረቀቷን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ «እሺ እንግዲህ፣ ጀምሪ» ትላለች። እማማ ይሰቅላሉ፣ ያወርዳሉ፣ እንደገና ይሰቅላሉ። ሜትሮኗ ትገለብጣለች። ከዚያ ቢሮዋ ወጥታ ትፈርማለች፤ ማኅተም ትመታለች። አሥራ ስምንት ዓመት! እማማ እርስዎ ይሏታል፣ እሷ አንቺ ትላቸዋለች፤ በአሥር ዓመት እየበለጧት።

እርግጥ ነው፣ እማማም መልአክ አይደሉም። ባለማበጠሪያዋ ነርስ አንድ ጊዜ «ይቺ አሮጊት ሳሙና ሳሙና ትሸታለች» ብላ ነበር። በቀጣዩ ሁለት ሳምንት ሁለቱንም እሑድ ስትሠራ ከረመች። ሁለት እሑድ ብቻ፤ ከዚያ በኋላ ይቅር ብለዋታል። ሳሙናውን ግን አልረሱም።

ሜትሮኗ ጡረታ በወጣች በሳምንቱ አዲሱ ኃላፊ መጣ። ወጣት ነው፣ ጫማው ያበራል፣ ላፕቶፑን እንደ ሕፃን ታቅፎ ነው የሚሄደው። የመጀመሪያውን ፕሮግራም ኮሪደሩ ላይ ሲለጥፍ ነርሶቹ ተንጋግተው መጡ። ጠዋቱ አረንጓዴ፣ ከሰዓቱ ቢጫ፣ አዳሩ ሰማያዊ። ለሁሉም እኩል አዳር፣ እኩል እሑድ፤ ኮምፒውተሩ ነው የደለደለው፣ ማንም ለማንም አላዳላም አለ። ባለማበጠሪያዋ ከሁሉም አስበልጣ አጨበጨበች። እማማም በዚያው ቀን ባለቀለሙ ብለው ስም አወጡለት፤ ከሰዓት በኋላ ክፍሉ በሙሉ ባለቀለሙ ይለው ነበር።

እማማ ባለጃንጥላዋን ጎትተው ሰሌዳው ሥር አቆሟትና ከላይ እስከ ታች አስነበቧት። ረቡዕ አዳር ላይ ሲደርሱ ያዝ አደረጓት። ማበጠሪያ፣ ትራስ፣ ጫማ። ሦስት ጨርቅ፣ አንድም ቀይ ክር የለም። ቀጥ ብለው ቢሮው ገቡ።

«ልጄ፣ ረቡዕ አዳር ቁልፍ የሚይዝ ሰው የለህም።»

ባለቀለሙ ከኮምፒውተሩ ቀና አለ። ክፉ ፊት አይደለም ያሳየው፤ ክፉ ቢሆን ይሻላቸው ነበር። ፈገግ አለ። «እማማ፣ ማንበብ ይችላሉ እንዴ?»

«አልችልም።»

«ታዲያ ይህን ከየት አነበቡት?»

«ከሰዎቹ።»

ሳቀ። ነርስ ሁሉ ነርስ ነው፤ ሁሉም ተምረው ተመርቀው ነው የመጡት፤ እርስዎ በዚህ ራስዎን አያድክሙ አላቸው። ራስዎን አያድክሙ! ሃምሳ ሁለት ወንበር ሁለት ፎቅ ሲያወርዱ ማንም አያድክሙ አላላቸውም።

በማግስቱ ስለ ግድግዳው ሰምቶ ሊያይ መጣ። አየ። ጨርቆቹን በሁለት ጣት ጫፍ፣ የሞተ አይጥ እንደሚያነሳ ሰው፣ አንስቶ አየ። አቧራ ይይዛል፣ ጀርም ያራባል፣ ምስማሩም ሰው ይወጋል አለ። በዚያው ዕለት አናጢ መጥቶ አርባ ሁለቱን ምስማር በጉጠት ነቀለ። ግድግዳው በአርባ ሁለት ቀዳዳ ቀረ። አናጢው ደህና ሰው ነበር፤ የነቀለውን ምስማር አልወሰደም፣ አጎንብሶ አንድ በአንድ ለቅሞ እማማ መዳፍ ላይ ቆጥሮ አስረከበ። እማማ ጨርቆቹንና ምስማሮቹን በአንድ የትራስ ልብስ ውስጥ ከተቱና አፉን ቋጠሩት። ሳይቀመጡም ሌላ ወሬ ደረሰ፤ የሚቀጥለው ወር ሲጀምር ከአንሶላ ክፍሉ ተነሥተው ምድር ቤት ወደሚገኘው ማጠቢያ ይዛወራሉ፤ በዚህ ክፍል ጉዳይ ከእንግዲህ እጅ የላቸውም።

ያን ቀን ቤታቸው ሲገቡ ያደረጉትን ማንም አላየም፤ ስለዚህ አለቀሱ የሚል ካለ ውሸቱን ነው።

ረቡዕ መጣ። የከሰዓቷ ቁልፍ ያዥ ባለጃንጥላዋ ነበረች። ማበጠሪያ፣ ትራስና ጫማ ለአዳር ሲገቡ ቁልፉን የምትሰጠው አጣች። ይዛ ብትሄድ ሕመምተኛ ይሠቃያል፤ ላልተፈቀደለት ብትሰጥ እንጀራዋ ይዘጋል። እያለቀሰች እስከ ጠዋት ቆየች። ሐሙስ ጠዋት ዓይኗ እንደ ቲማቲም ቀልቶ አንሶላ ክፍል ገባች፣ ቅርጫቱ ላይ ተዘረጋች፤ እማማ ብርድ ልብስ ጣሉባት።

ባለቀለሙ ነገሩን ሲሰማ አልካደም፤ ይሄን ይሄን ልስጠው። ከመድኃኒት ቤቱ የቁልፍ ያዦችን ዝርዝር አስመጥቶ በየፈረቃው አንድ አንድ አስገባ። በአዲሱ ሰሌዳ ላይ የአምስቱን ስም በቀይ ጻፈው። እማማ በሩቁ ቀዩን አዩት። «ቀዩንስ ወሰደው» አሉ ለባለጃንጥላዋ፤ «የቀረውን ደግሞ ከየትኛው መድኃኒት ቤት እንደሚያስመጣ እናያለን።»

ለእሱ አንድም ቃል አልነገሩትም። ራሳቸውን እንዳያደክሙ ተነግሯቸዋላ።

ማክሰኞ ጠዋት ረጅሟ፣ ማክሰኞ ከሰዓት ሳቂታዋ። ወዲያው ተከታትለው። ሳቂታዋ ለሁሉ ትስቃለች፤ ለረጅሟ ግን አራት ዓመት ጥርሷን አሳይታት አታውቅም። ስምንት ሰዓት ሲሆን ርክክብ ደረሰ። ረጅሟ ቁልፉን ኪሷ ውስጥ ይዛ፣ ስትጠይቀኝ እሰጣታለሁ ብላ ቆመች። ሳቂታዋ ደግሞ ስትሰጠኝ እቀበላታለሁ ብላ ቆመች። ሁለቱም መስኮት መስኮቱን አዩ። ከመስኮቱ ውጭ የሚታይ አልነበረም፤ ግንብ ነው። ከዚያ ረጅሟ ጋዋኗን አወለቀች፣ ቆሻሻ ልብስ መጣያው ውስጥ ወረወረች፣ ቦርሳዋን አንግታ ወጣች። ቁልፉም ከጋዋኑ ጋር ሄደ።

አራተኛ አልጋ ላይ እግሩ በጠዋት የተቀደደ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ማደንዘዣው ሲለቀው በመጀመሪያ ተሳደበ፤ ቀጥሎ እናቱን ጠራ። ያ ትልቅ ሰው፣ ጢሙ የሸበተ፣ እናቱን። ነርሶቹ መሳቢያ ገለበጡ፣ ትሪ አነሡ፣ ፍራሽ ሥር ገቡ። የረጅሟ ስልክ ይጠራል፣ አይነሣም። መድኃኒት ቤቱ ቁልፉ ሳይገኝ ሣጥን አንሰብርም፣ መጀመሪያ ደብዳቤ ጻፉ አለ። ባለቀለሙ ቁጭ ብሎ ደብዳቤ ጻፈ። ሹፌሩ ይጮኻል፣ እሱ «ጉዳዩ» ብሎ ርእስ ያሰምራል።

እማማ በዚያ ሰዓት እንደ ወትሯቸው የቆሸሸውን ልብስ ኪስ ይፈትሹ ነበር። ከነርስ ኪስ የማይወጣ ነገር የለም፤ እስክሪብቶ፣ የከረሜላ ልጣጭ፣ አንድ ጊዜ ግማሽ ሳንድዊች። ከረጅሙ ጋዋን ኪስ ቁልፉ ወጣ። ረጅም ጋዋን የማን እንደሆነ፣ ለምንስ ኪስ ውስጥ እንደቀረ፣ ማንም ሊነግራቸው አላስፈለገም።

እዚህ ላይ ሌላ ሰው ቢሆን ቁጭ ብሎ ያስብ ነበር። ቁልፉ በእጅ፣ ባለቀለሙ በጭንቅ፤ መደራደሪያ ነው። እማማ አላሰቡም። የሹፌሩ ድምፅ ግድግዳውን አልፎ ይመጣል። ባዶ እግራቸውን ነበሩ፤ ነጠላ ጫማቸውን እንኳ ሳይፈልጉ ኮሪደሩን ሮጡ፤ በዚያ ዕድሜ። ቁልፉን ሳቂታዋ እጅ ላይ አኖሩት። ሣጥኑ ተከፈተ፣ ብልቃጡ ተቆጠረ፣ ሹፌሩ ተወጋ፤ ጥቂት ቆይቶም ጸጥ አለ።

ባለቀለሙ ደብዳቤውን ይዞ ደረሰ። ነርሶቹ፣ ጠያቂዎቹ፣ ምግብ የሚያከፋፍለው ሰውዬ ሳይቀር ቆመዋል። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ከእማማ ባዶ እግር ጀምሮ ወደ ላይ አያቸውና፣ «ይህ ቁልፍ እርስዎ ዘንድ ምን ይሠራል?» አለ።

ሳቂታዋ መሬት መሬቱን አየች። እማማ ዞረው ነጠላ ጫማቸውን ሊፈልጉ ሄዱ።

ወሬው ዳይሬክተሩ ጋ ደረሰ። ዳይሬክተሩ ስለ ጨርቅና ስለ ምስማር የሚያውቀው የለም፤ የሚያውቀው ሰዓት የሸለማትን ሴት ብቻ ነው። እሷን ጥሩልኝ፣ መጥታ የሚቀጥለውን ፕሮግራም ለዚህ ልጅ ታሳየው አለ። ሜትሮኗ ዓርብ ጠዋት መጣች፤ ሽቶዋ ከእሷ ቀድሞ ደረጃውን ወጣ። ከባለቀለሙ ጋር ቢሮ ተዘግተው ዋሉ። ባለጃንጥላዋ ሻይ ልታቀብል ገብታ ስትወጣ ለእማማ ነገረቻቸው፤ ሜትሮኗ እስከ አሁን አምስት ወረቀት ጨምድዳ ጥላለች፣ አንዴ የምታጠባዋን አዳር አስገብታ፣ አንዴ ባለማበጠሪያዋን በአንድ ቀን ሁለት ቦታ ጽፋ።

«ሻዩን ጠጣችው?» አሉ እማማ።

«በረደባት።»

«ይብረዳት።»

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሜትሮኗ አንሶላ ክፍል ገባች። እንደ ድሮዋ በሩን ቆለፈች፣ እንደ ድሮዋ ቅርጫቱን ደፍታ ተቀመጠች። ግድግዳውን ስታይ ግን አፏ ተከፍቶ ቀረ። ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ ስታይ ቆየች፤ ምናልባት እዚያ ውስጥ የተጻፈ ነገር ይኖራል ብላ።

ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ማባበል ጀመረች። ጨርቆቹን አውጪያቸው፣ ምስማር ባይኖርም መሬት ላይ እንዘርጋቸው፣ አንድ ሰዓት ቢፈጅብን ነው አለች። ማንም ማወቅ የለበትም። እኔ ደግሞ ለዳይሬክተሩ አንድ ቃል ጣል አደርግልሻለሁ፣ ምድር ቤት አትወርጂም፤ ግድግዳውንም አስመልስልሻለሁ።

እማማ አንሶላ ማጠፋቸውን አላቆሙም። ምድር ቤቱን ያውቁታል፤ እርጥበቱ ጉልበት ይበላል፣ መስኮት የለውም፣ የማሽኑ ጩኸት ሰው አያናግርም። ግድግዳው ይመለስልሻል ስትል ልባቸው አልዘለለም ብል እዋሻለሁ። ዘሏል። ደግሞ እኮ ቀላል ነበር፤ ቋጠሮውን መፍታት ብቻ። ከዚያ በሁለት ሳምንቱ ዓርብ ሜትሮኗ ቤቷ ትሆናለች፤ ባለቀለሙ በሩን ቆልፎ ቅርጫቱ ላይ ይቀመጣል፤ «እሺ እንግዲህ እማማ፣ ይጀምሩ» ይላል። ሌላ አሥራ ስምንት ዓመት! ሲሸኙት ወንበሩን ማን ይደረድራል?

ያጠፉትን አንሶላ መደርደሪያው ላይ አኖሩ። ሄዱና በሩን ከፈቱት። ተመልሶ እንዳይዘጋ በቆሻሻ ልብስ የተሞላውን ጋሪ አስደገፉበት። በትራስ ልብስ የታሠረውን ጨርቅ ከመደርደሪያው ጀርባ አወጡና፣ ወንበራቸው ላይ አስቀምጠው፣ እላዩ ላይ ተቀመጡበት። ምስማሮቹ ቂጣቸውን ወጓቸው፤ ፊታቸው ላይ ግን ምንም አልታየም።

«ባለጃንጥላዋ» አሉ ጮክ ብለው፣ «ያንን ልጅ ጥሪልኝ።»

ሜትሮኗ ከቅርጫቱ ብድግ አለች። «ምን ሆነሻል? እኔና አንቺ እኮ ተረዳድተን ነው የሠራነው።»

«ተረዳድተን ነው እንዴ?» አሉ እማማ። «ሰዓቱን ታዲያ የምን ቀን ነው የምወስደው? ሰኞ፣ ማክሰኞና ረቡዕ እኔ ቤት ይዋላ።»

ባለጃንጥላዋ በሩ ላይ ሳቋን ለመዋጥ አፏን ያዘች። ሁለት ሦስት ነርሶች አንሶላ እንደሚፈልጉ ሰዎች ጠጋ ጠጋ አሉ። ባለቀለሙ ላፕቶፑን ታቅፎ መጣ፤ ዓይኑ ሥር ጠቁሯል፣ ጫማው የዛሬን አላበራም። በሩ ላይ ቆሞ አንዴ ሜትሮኗን፣ አንዴ እማማን አየ። የተማረ ሰው ነው፤ ነገሩ ይገባው ጀመር መሰለኝ፣ ላፕቶፑን ቀስ ብሎ ብብቱ ሥር አደረገው።

ሜትሮኗ አንገቷን ሰበር አደረገች። እንደዚያን ዕለቱ።

«ቀና በይ» አሏት እማማ። አሥራ ስምንት ዓመት እርስዎ ሲሏት ከርመው፣ አንቺ አሏት፤ ምላሳቸው ቅንጣት አልተደናቀፈም። «ቀና በይና ፕሮግራሙን ማን ይሠራው እንደነበር ለዚህ ልጅ በአፍሽ ንገሪው። በሹክሹክታ አይደለም፤ አራተኛ አልጋ ያለው ሹፌር እስኪሰማ ድረስ። አንተ ደግሞ፣ አናጢውን አትጠራም። መዶሻ ፈልገህ አርባ ሁለቱን ምስማር በገዛ እጅህ ትመታለህ፤ ቀዳዳው እዚያው አለልህ፣ አይጠፋህም። ማክሰኞ ቁልፉ እኔ ዘንድ ምን እንደሚሠራ ጠይቀኸኝ ነበር፤ ቁልፉን የጠየቅኸኝ ኮሪደር ላይ ነው፣ መልሱንም ኮሪደር ላይ፣ በነዚያው ሰዎች ፊት ራስህ ትናገረዋለህ። ፕሮግራሙ እሑድ ነው የሚለጠፈው፣ ዛሬ ዓርብ ነው፣ ጊዜ አለህ። ሲለጠፍም ከፊርማህ ሥር የእኔ አውራ ጣት ያርፍበታል። ይኸው ተቀምጫለሁ፤ ቀለሙን አምጣ።»